የእርሻ ጠባቂው ድንጋይ ምሳ

በሕንድ አገር፣ በናርማዳ ወንዝ ዳር ቱርሲንግን የሚስተካከል ቀጣፊ የለም፤ ነብር አስነጥሼ አባረርኩ ብሎ ምሎ ያውቃል። ያን ቀን ግን ቀልዱ ጠፋው፤ የሚወደው ወጠጤ ሊታረድበት ነው። እርሻ ለሚጠብቀው ድቡልቡል ድንጋይ ዝናብ እንዲያመጣ በየዓመቱ ፍየል ይሠዋል፤ ሥጋው ግን ዞሮ ዞሮ የሚገባው መንደሩ ሁሉ «ካካ»፣ አጎት፣ በሚላቸው በመሥዋዕት አቅራቢው በቡዋን ካካ ሆድ ነው።

ደግነቱ ቅሪተ አካል የምታጠና ሴት መንደሩ ውስጥ ነበረች። ድንጋዩን አገላብጣ አየችና፣ «ይሄማ እንቁላል ነው፤ ኢሲሳውረስን የመሰለ አንገተ ረጅም ዳይኖሰር የጣለው» አለች።

«እንቁላልም ቢሆን ይርበዋል!» አሉ ካካ ቢላቸውን እየሳሉ።

ቱርሲንግ ፈጠን ብሎ፣ «እህቴ፣ እናቱ ሥጋ ትበላ ነበር?» አላት።

«ኧረ ቅጠልና ሣር ነው። እበታቸው ድንጋይ ሆኖ እዚሁ አገር ተገኝቷል፤ ውስጡ ሣር አለበት።»

«ሰሙ ካካ? የማይበላውን እያቀረብንለት ነው ለካ ዝናቡን የሚያዘገይብን!»

ለመሥዋዕቱ የተሰበሰቡት የመንደሩ ሽማግሌዎች ተያዩ። ወዲያው አንድ እቅፍ ሣር ድንጋዩ ፊት ተከመረ። ወጠጤው ገመዱን ስቦ ደረሰና መሥዋዕቱን ሙልጭ አድርጎ በላው።

«በላው እኮ!» ብለው ጮኹ ካካ።

«ምን ያስጮህዎታል?» አለ ቱርሲንግ። «የእስከ ዛሬውንስ ማን ነበር የሚበላው?»