ወደ ግድግዳ የዞረው ትራስ

ሰው ሲያረጅ ቃሉም አብሮት የሚያረጅ ለብዙዎች ይመስላቸዋል። እትዬ መርፌ (ምላሳቸው ስለሚወጋ ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው) የሰው ስንጥር ሳያነሱ ኖረው ኖረው፣ ዛሬ በገዛ ሳሎናቸው እንደ ሌባ ይጠየቃሉ። ያንገበገባቸው ግን ከሳሿ አይደለችም። የወለዱት ልጅ ሄዶ ከከሳሿ ጎን መቀመጡ ነው።

ከሳሿ የጓሮውን ክፍል የተከራየችው የጨርቅ መደብር ሻጭ ናት።

«እማማ፣ እኔ ሥራ ስውል ክፍሌ ይገባሉ» አለች። «ዕቃ ጠፋብኝ አላልኩም። ግን አልጋዬን ሳላነጥፍ ወጥቼ ስመለስ ተነጥፎ ይጠብቀኛል። ትርፍ ቁልፍ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው።»

«ወይ ጉድ! አልጋ የሚያነጥፍ ሌባ! አንቺ ልጅ፣ ሳህንም የሚያጥብ ከሆነ ወደ እኔ ላኪልኝ።»

ልጅቷ አልሳቀችም። «ይቅርታ ካልጠየቁኝ ለጎረቤቱ ሁሉ እናገራለሁ።»

«ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅሚያለሽ!»

«እማዬ» አለ ልጃቸው፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ድምፁን አለስልሶ፣ «ገብተሽ ረስተሽው ይሆናል። ይቅርታ በያትና ይለፍ።»

«ረስተሽው? አንተን ያማጥኩበትን ያልረሳሁ፣ አልጋ ማንጠፌን ልረሳ? ያላደረግሁትን አደረግሁ ብዬ የምቀበርበት ስም ላበላሽ?»

«ታዲያ ትራሱንስ ማን ያዞረዋል?» አለች ተከራይዋ። «እኔ የትራስ ልብሱን አፍ ወደ በሩ ነው የማደርገው። ስመለስ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ዞሯል።»

ልጁ ቀና ብሎ እናቱን አየ፤ እናቱም እሱን።

ያ ክፍል የሞተችው ሴት ልጃቸው መኝታ ነበር። የእንግዳ ማረፊያ አልጋ አንጣፊ ነበረች፤ ቤቷም ገብታ ሥራዋ አይለቃትም ነበር። ትራሱን ወደ ግድግዳው አዙራ «አፉ ወደ ሰው ከሆነ ሕልም ይፈሳል» እያለች ትስቅ ነበር። አስከሬኗ ከዚያ ከወጣ ወዲህ እትዬ መርፌ ደፉን ተሻግረው አያውቁም። ቀለም ሲቀባ እንኳ ከውጭ ቆመው ነው ቀቢውን የተቆጡት።

ተከራይዋ ፊታቸውን ስታይ አንድ ነገር ትዝ አላት። «ክፍሉን ሲያሳዩኝም…» አለች ቀስ ብላ፣ «ከደጅ ሆነው ነው በጣትዎ የጠቆሙኝ።»

ልጁ ተነስቶ እናቱ እግር ስር ተንበረከከ። «እማዬ፣ አንቺ ነሽ አይደል? በናትሽ፣ አንቺ ነሽ በይኝ። ማንም አይቆጣሽም።»

እትዬ መርፌ የልጃቸውን ጭንቅላት ዳበሱ። አዎ ቢሉ ሁሉም እፎይ ብሎ ያድራል፤ እሳቸው ብቻ ጃጅታ የሰው ጓዳ የምትዳብስ አሮጊት ይባላሉ። አፋቸውን ከፈቱ። በጓሮው በኩል አንሶላ ሲራገፍ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ የሰሙ መሰላቸው። ተከራይዋም ዘወር አለች።

«እኔ አይደለሁም» አሉ።

ከዚያ ወንበሩን ተደግፈው ተነሱ።

«ነይ፣ አንቺ ልጅ። ቁልፉ እኔም ጋ አለ፤ ግን ባከራየሁት ቤት በቁልፌ ገብቼ አላውቅም፣ ዛሬም አልጀምርም። አንቺ ነሽ የምታስገቢኝ። ቅደሚና በሩን ክፈቺልኝ!»