ላፕቶፑ ያስጻፈው ዓረፍተ ነገር

ፓርክላንድስ ያለችው የአድነው ምግብ ቤት ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ቢኖራትም በእሱ አፍ ግማሽ ናይሮቢን ታስተናግዳለች። አድነው ሲያወራ ካፊያው ጎርፍ፣ ጎርፉም ባሕር ይሆናል። ሚኒስትሮች ጥብሱን ሊቀምሱ መጥተው ወንበር አጥተው ቆመው በልተዋል፤ «ቆማችሁም ቢሆን ብሉ» ብሏቸዋል። ከደንበኞቹ ማንም አያምነውም፣ ሳይሰማው የሚወጣም የለም። ሐቁ ግን ይህ ሰው ያዘዘው ነገር በሕይወቱ ተፈጽሞለት አያውቅም። አስተናጋጆቹ እንኳ ሚስቱን ሳይጠይቁ ብርጭቆ አያነሱም።

የእህቱ ልጅ ሳምራዊት እዚያው ናይሮቢ ያደገች ናት፤ ጣቶቿ ኪቦርድ ላይ ሲወርዱ ቆርቆሮ ላይ የወደቀ በረዶ ይመስላሉ። ዌስትላንድስ ያለ አንድ ድርጅት የሠራችውን ፕሮግራም አይቶ ሊቀጥራት ለዚያው ቀን ከሰዓት ቀጠሮ ሰጥቷታል። ጠዋት በአጎቷ ምግብ ቤት ላፕቶፗ ላይ ስትሞክረው ፕሮግራሟ ግራፉን አበላሽቶ ሳለባት። ግራፉን የሚስለው ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡትና የእሷ ፕሮግራም የሚዋሰው ሥራ፣ አሮጌ ነበር። አዲሱን ከኢንተርኔት አውርዶ የሚጭን ትእዛዝ ስክሪኑ ላይ በተከፈተ ጥቁር መስኮት ጻፈችና ኢንተር መታች። ያኔ ኢንተርኔት ገና ከሳተላይት እንደ ተበላሸ ቧንቧ ጠብ ጠብ የሚልበት ዘመን ነው።

«ጋሼ፣ ስሎው ስለሆነ ይቆያል። እኔ ጃኬቴን ከልብስ ሰፊው ላምጣ። ልቀጥል ወይ ካለህ ‹ዋይ› የምትለዋን ፊደል ተጭነህ ኢንተር በለው። ሌላ ነገር ካመጣ ግን እንዳትነካው፣ ደውልልኝ። ሳዋ?» አለች፤ በስዋሂሊ እሺ ማለት ነው።

«ሳዋ። እኔን ነው ስለ ኮምፒውተር የምትመክሪኝ?» አለ። ኮምፒውተር ነክቶ የሚያውቀው አቧራውን ሲጠርግ ነው።

እሷ ስትወጣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው አየለ ሳህኑን ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ እንደ ጉንዳን ይተማል።

«ማነው የሚጽፈው?» አለ አየለ።

«የማስጽፈው እኔ ነኝ።»

ጽሑፉ ድንገት ቆመ። አድነው ጠጋ ብሎ አነበበ። የሚወገዱ ነገሮች ረጅም ዝርዝር አለ፤ ዘለለው። ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ነገር ልታደርግ ነው ይላል፤ እሱንም ዘለለው። ከሥሩ፣ ለመቀጠል «አዎ፣ ያልኩህን አድርግ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፍ ይላል።

«ይሄማ ‹ዋይ› አይደለም» አለ አየለ። «ደውልላት።»

«ለምን ብዬ? ማሽኑ እዘዘኝ እያለ ነው እኮ።»

«ጉዳት ይላል፣ ይኸው እዚህ ጋ።»

«እሱ ለማያውቅ ሰው ነው። አንድ ኤምባሲ ውስጥ ከዚህ የባሰ አስተካክያለሁ።»

«የትኛው ኤምባሲ?»

«እንዳልናገር አስምለውኛል።»

ሁለቱ አስተናጋጆች ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ያዩታል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። በሁለት ጣት፣ ፊደል በፊደል እያደነ ጻፈውና ኢንተር መታ። ማሽኑም እሺ አለ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከማንም ሰው ያላገኛት እሺ ነበረች፤ ደረቱ በሩን የሚዘጋ እስኪመስል ተነፋ።

«አየህ፣ ሥራ ላይ ነው።»

እውነትም ሥራ ላይ ነበር፤ የቆመባቸውን ምሰሶዎች አንድ በአንድ እየነቀለ።

ሳምራዊት ስትመለስ ስክሪኑ ጨልሟል። አጥፍታ አበራችው፣ አልነሳም። «ጋሼ፣ ምን ጻፍክበት?»

አስተናጋጆቹ አሁንም በሩ ላይ ናቸው። አየለ ሳህኑን ያያል።

«‹ዋይ› ብቻ። እንዳልሽኝ» አለ አድነው። «ያበላሸው ይሄ ኢንተርኔት ነው።»

አመነችው። ላፕቶፑን በቦርሳዋ ይዛ፣ በአዲሱ ጃኬቷ ወደ ዌስትላንድስ ሄደች።

አመሻሽ ላይ መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ማሽን ይበላሻል፣ ኖ ፕሮብሌም፣ ሰኞ ነይ ብለውኝ ነበር» አለች። አድነው ተነፈሰ። «ከዚያ አንዱ ኢንጅነር ምን ሆኖ ነው አለኝ። ‹ዋይ› ብቻ ነው የተጫነው አልኩት። ሳቀ። ‹ሲስተሙን የሚያፈርስ ከሆነ በዋይ ብቻ አይሄድም፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስጽፍሻል። ማን ጻፈው?› አለኝ። ማንም አልጻፈም ብዬ ድርቅ አልኩ። አጎቴ አይዋሸኝም ብዬ። ከዚያ በኋላ ሰኞን ያነሳት የለም። የሚያጠፋ ሰው አያስፈራንም፣ የሚደብቅ ነው የሚያስፈራን አሉኝ።»

አድነው የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ሲያጥፍና ሲዘረጋ ቆየ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«እስቲ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ። እንደሆነው።»

«ማሽኑ ቆመ። ጉዳት አለው ብሎ ጻፈ። አየለ ደውል አለኝ። እኔ…» እዚህ ላይ ቃል ጠፋበት፤ ዝምታው አስፈራው። «እኔ ልደውልልሽ ስልኬን ሳወጣ፣ ስክሪኑ እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ ቤቱ በሙሉ…»

«ተወው ጋሼ።»

አልተቆጣችም። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።

በመስኮት አያት፤ ማታቱ የሚሉት የሚኒባስ ታክሲ መቆሚያ ላይ ሰው መሐል ቆማለች። ያን ጊዜ ነገሩ እንደሆነው፣ አጭር ሆኖ፣ አፉ ላይ መጣለት፦ አስተናጋጆቹ እያዩኝ ነበር። የሚጨመርበት ነገር አልነበረም። ሽርጡን ሳይፈታ ሮጦ መንገዱን ሲሻገር ማታቱው ጭኗት ተነስቶ ነበር።