ሐረጎን የወጣው ጭነት

ፈንታሁን ሹፌር ነበር። ኮምቦልቻ ላለ አንድ የመንግሥት ድርጅት ኤንትሬ የጭነት መኪና እየነዳ፣ ከአሰብ እህልና ሲሚንቶ ሲያመላልስ ጸጉሩ ሸበተ። ብዙ አይናገርም። ሲቆጣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ካለበት አለመነቃነቅ ብቻ ነው የሚያውቀው። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው በዓመት በዓል ነበር። ሚስቱ አረጋሽ «አንተ እኮ እግዜርን የምታስታውሰው ፍሬን እንቢ ሲልህ ብቻ ነው» ብላ ስትቆጣው፣ ሳቅ ብሎ ያልፋታል።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ወጉን ሳያደርስ ሊወጣ ሲል፣ ኮምቦልቻ ቦርከና ድልድይ አጠገብ የተራበ ሰው መከማቸት ጀመረ። ከወረባቦ የወረዱ ነበሩ፣ ከአምባሰል የመጡ ነበሩ፣ ከባቲ በኩል በእግራቸው የዘለቁም ነበሩ። የሚበዙት ሙስሊሞች ናቸው፤ ማተብ ያሰሩም ነበሩባቸው። የከተማው ሰው መጀመሪያ ያለውን ይዞ ይወጣ ነበር። አንዱ ቆሎ፣ አንዷ የተረፈ ንፍሮ፣ አንዱ አሮጌ ጋቢ። በኋላ ከላይ ትእዛዝ መጣ ተባለ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ነው፤ ከተማዋ ቀይ ጨርቅ ለብሳለች፣ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ሁሉ ኖራ ተቀብቷል። እህል ይዞ ወደ ድልድዩ የሚወርድ ሰው ከሚሊሻዎቹ ጋር መነጋገር ሊኖርበት ነው። ሰው ፈራና ቀረ።

ጳጉሜን እንደገባ አንድ ቀን ጠዋት ጓድ ይመር ወደ ጋራዡ መጣ። ጓድ ይመር በከተማው ሁሉ የሚታወቅ ካድሬ ነው፤ ገና ወጣት፣ ካኪ ልብሱ የተተኮሰ፣ ሽጉጡን ከጎኑ የማይለይ።

«ጓድ ፈንታሁን፣ መኪናህን አስነሣ» አለው። «ድልድዩ ጋ ያሉትን ሰዎች ታነሣለህ። መጠለያ ተዘጋጅቶላቸዋል፣ ከደጋን ወዲያ። ድንኳኑም እህሉም እዚያ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ ነው» አለ ፈንታሁን። «ዛሬውኑ ይድረሱ ነው የሚሉት?»

«ከቀትር በኋላ ከአዲስ አበባ እንግዶች ወደ ደሴ ያልፋሉ። ከዚያ በፊት መንገዱ ንጹሕ መሆን አለበት።»

ፈንታሁን መጨረሻ ላይ የተባለችውን ቃል አልወደዳትም። ግን ድንኳንና እህል መባሉን ሰምቷልና ቁልፉን አዞረ።

ሚሊሻዎቹ ሰዉን በዱላ እየጠቆሙ ወደ መኪናው ነዱት። የሚችለው በራሱ ወጣ፤ ያልቻለውን ሌላው ሳበው። አንዲት ቀጠን ያለች ሴት ከመኪናው ሥር ቀረች። አባቷን ታቅፋለች፤ ሽማግሌው ዓይናቸው ሞራ ለብሶ አያዩም። ስሟ ዘሀራ ነው፤ አባቷ ሸህ ጀማሉዲን ይባላሉ። ፈንታሁን ይህን ያወቀው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከጋቢናው ወርዶ ሽማግሌውን በሁለት እጁ አነሣቸውና ደነገጠ። የአንድ ሙሉ ሰው ክብደት ይሆናል ብሎ ክንዱን አጠንክሮ ነበር፤ ያነሣው ግን እንደ ባዶ ጆንያ ነው።

«አያ፣ ወዴት ነው የምትወስደን?» አለችው ዘሀራ።

«እህል ወዳለበት።»

«አላህ ይስጥህ» አለች፤ ወደ አባቷም ጎንበስ ብላ «አባቴ፣ አብሽር፣ እህል ወዳለበት ነው» አለቻቸው።

ፈንታሁን የጭነቱን የኋላ መዝጊያ፣ ስፖንዳውን፣ ዘግቶ ወደ ጋቢናው ተመለሰ። ጓድ ይመር ከጎኑ ተቀምጦ ሲጋራ ለኮሰ።

የባቲን መንገድ ይዘው ደጋንን አለፉ። ፈንታሁን በግራም በቀኝም ድንኳን ይፈልጋል። ገላጣ ነው፣ ድንጋይና ግራር። አንድ ጠመዝማዛ ካለፉ በኋላ ጓድ ይመር «እዚህ ጋ» አለ።

ፈንታሁን አቆመ። ሞተሩን ግን አላጠፋም።

«ድንኳኑ የት አለ?»

«ይመጣል። ከበዓሉ በኋላ።»

«እህሉስ?»

«እሱም ይመጣል አልኩህ። ስፖንዳውን አውርድ።»

ፈንታሁን ወረደ። በእርግጥም ስፖንዳውን ሊያወርድ ነበር የወረደው፤ ይህንን ራሱ ኋላ አልካደም። እጁ መቀርቀሪያው ላይ ሳለ ከላይ የሸህ ጀማሉዲን ድምፅ መጣ።

«ዘሀራ፣ ደረስን ወይ?»

ዘሀራ ቆማ ገላጣውን እያየች ነበር። ከዚያ ፈንታሁንን አየችው። አልለመነችም፣ አልሰደበችም። ይህ ሰው ለአባቷ የሚነግረውን እስኪናገር የምትጠብቅ ትመስል ነበር።

ሽማግሌው ደገሙ። «ደረስን ወይ ልጄ?»

«አልደረሱም አባባ» አለ ፈንታሁን። «ገና ነው። መንገድ ስተን ነው።»

ውሃ የሚይዝባትን ኮዳ ከጋቢናው አወጣና ለዘሀራ አቀበላት። ሽማግሌው «ቢስሚላህ» ብለው ጠጡ፤ ከዚያ ኮዳዋ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ፈንታሁን መቀርቀሪያውን መልሶ አጠበቀና ወደ መሪው ወጣ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለው ጓድ ይመር።

«ልመለስ ነው።»

«ወዴት?»

«ደሴ። ሰው ወዳለበት።»

ጓድ ይመር ሽጉጡን መዘዘ። ወደ ፈንታሁን ጎን አስጠጋው።

«ጓድ ፈንታሁን፣ ይህ አብዮታዊ ትእዛዝ ነው። እዚህ ብደፋህ የሚጠይቀኝ የለም።»

ፈንታሁን ሽጉጡን አየ፣ ሰውየውን አየ። እስከዚያች ቀን ድረስ ጓድ ይመርን «እርስዎ» እያለ ነበር የሚያናግረው።

«አንተ መኪና መንዳት ትችላለህ?» አለው።

ጓድ ይመር ዓይኑን ወደ መሪው ጣለ።

«ካልቻልክ ተኩስና አብረሃቸው እዚህ ትቀመጣለህ። ድንኳኑ እስኪመጣ።»

መልስ አልጠበቀም። ያችን ከባድ መኪና በጠባቡ መንገድ ላይ ወደፊትም ወደኋላም እያለ አዞራት። ሽጉጡ ጥቂት መንገድ ጎኑ ላይ ቆየ። ከዚያ የያዘው ሰው እጁ ዛለ መሰለኝ፣ ወደ ጉልበቱ አወረደው።

ኮምቦልቻን ሲያቋርጡ ሰው ከየደጁ ወጥቶ አየ። ጠዋት ከከተማው የተጠረገው ሰው በቀይ ጨርቅ በተሸለመው ቅስት ሥር ተመልሶ አለፈ።

ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት መውጣት ሲጀምሩ ነው ከኋላ ጥሩምባ የሰሙት። ፈንታሁን በመስተዋቱ አየ። ላንድሮቨሮች ናቸው፣ በላያቸው ሰንደቅ ዓላማ የሚውለበለብ። እንግዶቹ ናቸው።

ጓድ ይመር ፊቱ አመድ መሰለ። «ዳር ያዝ። ዳር ያዝና አሳልፋቸው።»

«አልይዝም።»

«እባክህ» አለ ጓድ ይመር። ይህች ቃል ከአፉ ስትወጣ ኮምቦልቻ ውስጥ የሰማ ሰው አለ አይባልም። «እባክህ ዳር ያዝ።»

«ዳሩ ገደል ነው፣ ጭነቴ ደግሞ ሰው ነው» አለ ፈንታሁን። «ያዩ እንደሆን ይዩ።»

ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መንገዱ እንደ እባብ ተጠምጥሞ ነው ሽቅብ የሚወጣው። ኤንትሬዋ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ታዘግማለች። ከኋላዋ መኪኖቹ ተሰልፈው እሷን ተከትለው ይወጣሉ። ጥሩምባውን ደጋግመው ነፉት፣ ከዚያ ሰለቻቸው። ማለፊያ የለም። ወደፊት ከማየት በቀር የሚያዩት የላቸውም፤ ፊታቸው ያለው ደግሞ እንዳያዩት ተደክሞ የተሰወረባቸው ሰው ነው። ስፖንዳውን ይዘው የቆሙት እናቶች ወደ ላንድሮቨሮቹ መስተዋት ይመለከታሉ። የታቀፉት ልጅ ጭንቅላት በየኩርባው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። አንድም ሰው እጁን ለልመና አልዘረጋም። እስከ ሐረጎ አናት ድረስ እንዲያው ተያዩ።

እንግዶቹ አናቱ ላይ ቀድመው አለፉ፤ እነ ፈንታሁንን ግን ደሴ መግቢያ ኬላው ላይ ወታደር አስቆማቸው። ወደ ላይ ተንጠላጥሎ ጭነቱን አየና ፊቱ ተለዋውጦ ወረደ።

«ማን አዘዘ?» አለ።

ፈንታሁን አፉን ሳይከፍት ጓድ ይመር ቀደመው። ሽጉጥ ይዤ አንድ ሹፌር አሸነፈኝ ቢል በሰው ፊት ምን ይመስላል? «የኔ ጭነት ነው» አለ ወደ መሬት እያየ። «አሳልፍ።» ወታደሩ ገመዱን ጣለ።

ፈንታሁን በከተማው ውስጥ ሽቅብ ነድቶ በልጅነቱ ክርስትና የተነሣበት ደብር በር ላይ ቆመ። በሩ ተዘግቷል። አስተዳዳሪው መምሬ በላቸው ጥሩምባውን ሰምተው መስቀላቸውን እንደያዙ ወጡ። ጓድ ይመር ከጋቢናው ወርዶ ቃል ሳይናገር ቁልቁል ሄደ።

«ልጄ፣ ከቀበሌ ታዘናል» አሉ መምሬ በላቸው፣ ጭነቱን ካዩ በኋላ በዝግታ። «በግቢው ውስጥ ሰው እንዳናስጠጋ በብርቱ ተነግሮናል። ደብሩን ያዘጉብናል።»

«አባ፣ ያዝጉት» አለ ፈንታሁን። «እነዚህን በር ላይ ትቶ ከሚቀደስበት፣ ተዘግቶ ቢውል አይሻልም? እኔ ጾም የማልጾም፣ ቅዳሴ የማላስቀድስ ሰው ነኝ። የምንሳለመው ጌታ ግን ውጭ በረት ያደረ፣ ቤት የተከለከለ መሆኑን እናቴ ነግራኛለች። እውነት ካልሆነ አሁን ይንገሩኝና ልመለስ።»

ከላይ ሸህ ጀማሉዲን ሳላቸውን እያሳሉ «ዘሀራ፣ የማን ቤት ነው?» ሲሉ ተሰማ።

ዘሀራ ጉልላቱን ቀና ብላ አየች። «የክርስቲያኖች መስጊድ ነው አባቴ።»

ቄሱ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። መወርወሪያውን ራሳቸው ሳቡት፤ ከባድ ነበርና ፈንታሁን አገዛቸው። «የመጣ ይምጣ» አሉ። «ግቡ። ሁላችሁም ግቡ።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የደብሩ ደጅ በሰው ተጨናነቀ። መምሬ በላቸው የማኅበር እናቶችን አስጠሩ፤ አጥሚቱ በገንቦ መጣ። ገበያነሽ የምትባል ጠላ ሻጭ የጠላ ቤቷን ዘግታ፣ ብቅልና ጌሾ የሚጠነሰስባቸውን በርሜሎች አጥባ የመጠጥ ውሃ ሞላችባቸው። ከታች ሰፈር ጣይባ የምትባል ነጋዴ «የኛ ሰዎች የናንተን ሥጋ አይበሉምና አታስቸግሯቸው» ብላ፣ ሙስሊም ያረደውን ሙክት አስይዛ ከነድስቱ ገባች። የቀበሌ ጥበቃዎች መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። መምሬ በላቸው ወንበር አስመጥተው በሩ መሐል ተቀመጡ፣ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ሊያነሣቸው የደፈረ አልነበረም።

ፈንታሁን ግን አልቆየም። ሳይመሽ ከግቢው ሲወጣ ጥበቃዎቹ ይዘውት ሄዱ።

ከሰዎቹ ሁሉም አልተረፉም። ሸህ ጀማሉዲን ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው አረፉ፤ የሰፈሩ ሙስሊሞች አጥበው፣ ሰግደውባቸው፣ በወጉ ቀበሯቸው። ዘሀራ ዳነች። አረጋሽ ከኮምቦልቻ ወጥታ ፈልጋ አገኘቻት፤ ባሏ ለማን ብሎ እንደታሰረ ማየት ፈልጋ ነበር መጀመሪያ፣ ቂምም ነበረባት። ዘሀራን ካየች በኋላ ግን ይዛት ወደ ቤቷ ወረደች። ስንቅ ለማድረስ እስር ቤቱ በር ላይ የሚሰለፉት ሁለቱ ሆኑ። ጠባቂው ዘሀራን «አንቺ ምኑ ነሽ?» ሲላት «ጭነቱ ነኝ» ትለዋለች።

ፈንታሁን በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ ተፈታ። በዚያን ጊዜ ረሃቡን ዓለም ሁሉ አውቆታል፤ የእርዳታ እህል በሐረጎ በኩል በሰልፍ ይጓዛል፤ ሹፌር ተፈላጊ ነው። ድርጅቱ፣ ሂስና ግለ ሂስ አድርጎ ጥፋቱን ካመነ መኪናውን እንመልስለታለን አለ። ሠራተኛው በአዳራሹ ተሰበሰበ። ጓድ ይመር ከፊት ተቀምጧል። ሰብሳቢው «ጓድ ፈንታሁን ጥፋትህን ተናገር» አለ።

ፈንታሁን ተነሣ። በእስር ቤት ከስቷል፣ ኮቱ ይሰፋዋል።

«ጥፋት አለብኝ» አለ። «ያን ቀን ጠዋት ድንኳኑ የት እንዳለ ሳላይ ሰው ጭኜ ወደ ባቲ ነዳሁ። ለእኒያ ሽማግሌ ልጅ እህል ወዳለበት ነው ብዬ ዋሸሁ። እጄንም መቀርቀሪያው ላይ አኑሬ ነበር። ይህ ነው ጥፋቴ፤ ሰው ሁሉ ይወቅልኝ።»

«ትእዛዝ መጣስህስ?» አለ ሰብሳቢው።

«እሱን አልናዘዝም። ነገም ብትጭኑልኝ ያንኑ ነው የማደርገው። ስለዚህ ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት አስቡበት።»

ጓድ ይመር ጣቶቹን እያየ ቀና አላለም። ከኋላ ወንበር አንድ የጋራዥ ሠራተኛ ማጨብጨብ ጀምሮ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ ቆመ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ቀጠለ፣ ሌሎችም አብረውት ጀመሩ።

ቁልፉን አልሰጡትም። ፈንታሁን ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። አረጋሽና ዘሀራ ከአዳራሹ ውጭ በግንቡ ጥላ ሥር ቆመው ነበር፤ በመስኮቱ ሁሉንም ሰምተዋል። አረጋሽ ኮቱን አስተካከለችለትና «በል እንሂድ» አለችው። ሦስቱም አስፋልቱን ይዘው፣ በከተማው መሐል፣ ወደ ቤታቸው በእግራቸው ወረዱ።