ሙጃን ማስመሰል

ጽጌማርያም ላፕቶፗን ከፍታ ሙጃን ልትሠራ ተቀምጣለች። አትሳቁ፤ እንጀራዋ ነው። ዌብሳይት የሚሠራ ሰው ብራውዘሩ ውስጥ አንድ የመሞከሪያ ሰሌዳ አለው፤ እዚያ ገብቶ ስክሪኑን እንደ ትንሽ ስልክ ያጠበዋል፣ ኔትወርኩን ያንቀራፍፈዋል፣ ሲያሻውም ጨርሶ ይዘጋዋል። ላሊበላ ቁጭ ብሎ፣ ገጹ ደጋዋ ሙጃ ከተማ ላይ ባረጀ ስልክ እንዴት እንደሚከፈት ያያል ማለት ነው።

አባቷ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ከጎኗ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል።

«ይች ትንሿ የወልደ ሰንበት ስልክ ናት?»

«የሳቸውን እንድትመስል ነው ያደረግኋት፣ አባባ። ኔትወርኩንም እንደ ሙጃ አድርጌዋለሁ።»

«ብርዱንስ?»

«ብርዱን አይችልም።»

«እንግዲያ ምኑን ሙጃ ሆነ!»

ሳቁ። ከሳቁ ሰንብተው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሪጌታ ወልደ ሰንበት በየዓመቱ ለገና ከሙጃ ይመጡ ነበር። ጽጌ ልጅ ሳለች በእግራቸው ነበር የሚመጡት፤ ደጅ ላይ «ቤቶች!» ሲሉ ድምፃቸው ቀድሟቸው ይገባል። ለእሷ በሶ በመሐረብ ቋጥረው ይይዙላታል። አመሻሽ ላይ ሁለቱ መሪጌቶች ዜማ ሲቀባበሉ እሷ መሃላቸው እንቅልፍ ይጥላታል፤ ያንን ዓይነት እንቅልፍ ከዚያ ወዲህ ተኝታ አታውቅም። በገና ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኵሉ የሚባለው የገና ዝማሬ ሲዜም ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሹ ከላይ ከዐለቱ አፋፍ፣ ግማሹ ከታች ከግቢው። አባቷ ከላይ፣ ወልደ ሰንበት ከታች ሆነው፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ሲቀባበሉ ኖሩ። ምእመኑ እንደ አሸዋ ነው፤ እነሱ ግን ሁለት ብቻ የሆኑ ይመስላቸው ነበር።

ዘንድሮ ወልደ ሰንበት ታመው ቀሩ። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልም «አልወጣም» አሉ። «ቁልቁል አይቼ ማንን ላገኝ ነው?» ካህናቱ ለመኑ፣ ጽጌ ለመነች፤ ወይ ፍንክች። አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «የሱን ምላሽ ከሰማሁ እወጣለሁ።»

በስልክ እንዳይሆን፣ ሙጃ ሲደወል ድምፁ ይቆራረጣል። ወሬ ከሆነ የጎደለውን በግምት ይሞሉታል፤ ዜማን ግን ማን በግምት ይሞላል? ስለዚህ ጽጌ የራሷን ገጽ ሠራች፤ ድምፁን ሙሉውን ቀድቶ፣ ኔትወርክ ሲገኝ ጥቂት በጥቂት የሚልክ፣ ሲጠፋ የሚጠብቅ። በሰሌዳዋ ኔትወርኩን መሃል ላይ ዘጋችበት፤ ጠበቀ። ከፈተችለት፤ ካቆመበት ቀጠለ። ጭነቱ እንዲቀል ደግሞ የሰው ድምፅ ያልሆነውን ሁሉ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ እንዲጥል አደረገችው። በራሷ ኮራች፤ ይገባታልም።

የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አባቷ ብድግ አሉ፤ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው የላዩን ወገን ዜማ አወረዱት። ድምፁ ወደ ሙጃ ሄደ። እዚያ ስልኩን የያዘችው የወልደ ሰንበት ልጅ ባንችይርጋ ናት። ጠበቁ። ምላሹ መጣ፤ ጽጌ ከፈተችው። ባዶ። ደግማ ከፈተችው፤ ጭጭ።

መሪጌታ ተመልሰው ተቀመጡ።

«አልመለሰልኝም» አሉ።

ጽጌ ወደ ላፕቶፗ ዞረች። ሰሌዳዋን ብታገላብጥ፣ ስክሪኑ ደህና፣ ኔትወርኩ ደህና፣ ሁሉም ደህና ነው። ለባንችይርጋ ደወለች።

«ምነዋ ባንቺ፣ ባዶ እኮ ነው የመጣው!»

«ኧረ መልሰዋል! እኔው ይዤላቸው!» ድምፁ ተቆራርጦ ተመለሰ። «አንደበታቸውማ ከተዘጋ ሰነበተ። አባትሽ እንዳያዝኑ ብለን ነው ያልነገርናችሁ። በመቋሚያቸው ነው የመለሱት፤ መሬቱን እየመቱ፣ ሁሉንም ሳያጎድሉ!»

ጽጌ አፏን ያዘች። ገጿ የጣለው እሱን ነበር። መሪጌታ ቤት አድጋ መቋሚያን ጫጫታ ያለች ልጅ! አፈረች፤ እንባዋም መጣ። ማጣሪያውን አጠፋችና እንደገና እንዲልኩላት ለመነች።

ዘገየ። መጨረሻ ላይ ግን መጣ። መጀመሪያ ዶሮ ጮኸ፣ ሰው ሳለ፤ ከዚያ መቋሚያው መሬቱን መታ። ቆየና ደግሞ መታ። እጁ የደከመ ሰው ትንፋሹን እየሰበሰበ የሚመታው ነበር። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ሲያልቅ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ጥምጣማቸውን ጠየቁ።

«ይወጣሉ፣ አባባ?»

«አሁን ካህናቱ ዘንድ ልሂድ፤ ልንገራቸው» አሉ። «ነገ ቀስ ብለን ነው የምንለው። እሱም እዚያው ሆኖ በመቋሚያው እንዲደርስብን።»