ረጃጅሞቹና ጭቃው

በዚያ ዓመት ክረምቱ ዝናብ ሳይጥል አለፈ። ስንዴው አፈር ውስጥ ቀረ። በጎቹን በርካሽ ሸጥን። የቀናው የከተማችን የአውስትራሊያ እግር ኳስ ቡድን ብቻ ነበር።

አሠልጣኙ ዳሪል ከሜልቦርን ድረስ ረጃጅሞች አስመጣ። ሞላላዋ ኳስ ደረቅ ስትሆን አየር ላይ በእጅ ትያዛለችና አሸነፉ። ዳሪል ግን ያሸነፈው ድርቁ ሳይሆን የራሱ ጭንቅላት መሰለው።

በመስከረም ለፍጻሜ ደረስን። በዋዜማው ዘነበ፤ ለስንዴው የማይረባ ዝናብ። ዳሪል ከረጃጅሞቹ አንድም አልቀነሰም። አጭሩን ኔቭን ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጠው።

«ቆመህ ነው ተቀምጠህ፣ ኔቭ?» አለው። ረጃጅሞቹ ሳቁ። ለመሳቅ ፈጣን ናቸው።

«ጭቃ ነው፣ ዳሪል። ኳሷ ትወድቃለች፤ የሚያነሳት ሰው የለህም።»

«ፍርፋሪ ለቃሚ አልፈልግም።»

ኔቭ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሌላ ፍጻሜ አይጠብቀውም። ባለፈው ፍጻሜ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ያኔ አሠልጣኝ የነበረው ሌስ በመጨረሻው ሰዓት ማሊያውን አስወልቆ ለአንድ ረጅም ሰጥቶበታል። «ቀጣዩ ፍጻሜ ያንተ ነው፤ ዕዳዬ ነው» ብሎት ነበር። ሌስ አሁን የክለቡ ሊቀመንበር ነው፤ ልጁ ብሮዲ ደግሞ ከረጃጅሞቹ አንዱ።

ጨዋታው ተጀመረ። ረጃጅሞቹ አብረው ይዘላሉ፣ ኳሷ ከጣታቸው ታመልጣለች፣ እነሱም እንደ ተገነደሰ ግንድ ይወድቃሉ። የተጋጣሚ አጫጭሮች ከእግራቸው ሥር አንስተው ይሮጣሉ። ዳሪል «ዝለሉ» ይላል። ከዘለሉ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ አልነገራቸውም።

ከጨዋታው አራት ሩቦች የመጨረሻው ሊጀመር ሲል ሌስ አጥሩን ተሻግሮ መጣ።

«ኔቭን አስገባ።»

«በማን ፈንታ?»

«በብሮዲ።»

«ልጅህ እኮ ነው።»

«ያለ እሱም ብዙ ግንድ አለህ።»

ብሮዲ ሰማ። «እማዬ እያየች ነው፣ አባዬ» አለ።

«ሄደህ አጠገቧ ቁም። ከዝናብ ትከልላታለህ።»

ኔቭ ገባ። የመጀመሪያዋ ኳስ ከሁለት ረጃጅሞች እጅ ስትሾልክ እሱ ከሥር ነበር። ቀና ሳይል መታት፤ በግቡ ምሰሶዎች መሀል አለፈች። ሌላም ጨመረ። ዳሪል የራሱ ሐሳብ ይመስል አጨበጨበ።

በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። ኔቭ ቀድሞ ገብቶ ቢሆን እናሸንፍ ነበር። ዳሪል ዝናቡን ወቀሰ።

ኔቭ እስከ አገጩ ጭቃ ለብሶ ሲወጣ ሌስ በሩ ላይ ጠበቀው።

«አንድ ሩብ ብቻ ነው የሰጠሁህ» አለው።

«ፍጻሜ ፍጻሜ ነው» አለ ኔቭ። «ከእንግዲህ ዕዳ የለብህም።»