ከሰንዓ የወረደው ሥልጣን

በየመን ወደብ በኤደን፣ አል-ሚምዳራ ሰፈር፣ በሰው ቤት ሠራተኝነት የምትኖረው ሀሊሜ የልጇን የፋጢን እጅ ይዛ ወረዳው ትምህርት ቢሮ ደረሰች። የትምህርት ቤቱ ምዝገባ የሚዘጋው በዚያ ቀን ነው። ፋጢ እዚያው ኤደን ብትወለድም የባዕድ ልጅ ናትና ያለ ፈቃድ አትመዘገብም። አምና የቢሮው ኃላፊ ኡስታዝ ሰላህ ፈቃድ የሚመጣው ከዋና ከተማው ከሰንዓ ነው ብሎ መለሳቸው፤ ልጅቱም ዓመቱን ከእናቷ ጋር የሰው ወለል ስትወለውል ከረመች።

ዘንድሮ ግን ሥልጣኑ ከሰንዓ ወርዶ ለየአካባቢው ተሰጠ ሲባል ሀሊሜ ከአሠሪዋ ራዲዮ በጆሮዋ ሰምታለች።

ኡስታዝ ሰላህ ቀና ብሎም ሳያያት፣ "ሰንዓ ሂጂ" አላት። አዲሱን ሕግ ስትነግረው ሳቀና፣ ሕጉ ቢወርድም እኛ ዘንድ ገና አልደረሰም አላት። የጫት ሰዓቱ ስለደረሰም ቦርሳውን አንግቶ ተነሣ።

ሀሊሜ ፈራች። ፖሊስ ቢጠራባትስ? ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ፣ ጊዜው አልፏል። ፋጢ ግን ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ የመከናነቢያዋን ጫፍ ከቦርሳው ማንገቻ ጋር ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው።

"ምን መሆንሽ ነው አንቺ ሴት?"

"በአያቶቼ አገር ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ነው ዳኛ ፊት የሚሄዱት። አንተ ወንድ ነህ፣ ልብስህን አልነካም። በሕግ አምላክ፣ ዳኛ ጋ እንሂድ።"

በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። አንዷም፣ "ኡስታዝ፣ ሙሽራው፣ ኒካሑ መቼ ታሰረ?" አለችው። ቦርሳውን ጥሎ እንዳይሄድ ማኅተሙም ጫቱም ውስጡ ነው። እየተነጫነጨ ከኋላዋ ተከትሎ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ለዳኝነት ወደመረጠችው ወደ አካባቢው ምክር ቤት ሊቀመንበር፣ ወደ ሐጂ ዐብደላ ክፍል ገባ።

ሐጂው ሁለቱንም አዳምጦ፣ ፈቃዱን የሚሰጠው አሁን ሰላህ ራሱ መሆኑን ነገረው። ሰላህ ላቡን ጠረገ። ዓመታት ሙሉ ሰው በመጣ ቁጥር ሰንዓ ሲል ኖሮ፣ ዛሬ የሚሸሸግበት ጀርባ አጣ።

"ነገ ሰንዓ ብትጠይቀኝስ?" አለ።

"ሀሊሜ የምትባል ሴት ቋጥራ ያዘችኝ በል፤ መጥተው እኔን ይጠይቁኝ" አለችው። "ሥልጣኑ እግርህ ሥር ወድቋል፣ ኡስታዝ። ጎንበስ ብለህ አንሣው እንጂ።"

ማኅተሙን አወጣ።

እናትና ልጅ እየሮጡ ምዝገባው ሳይዘጋ ደረሱ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ፈቃዱን ገልብጣ አየችና ሰንዓ ታውቃለች ወይ ብላ ጠየቀች። ሀሊሜ ፋጢን ወደ ባዶው የመማሪያ ክፍል አስገብታ የፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። እሷም በሩ ላይ ቆመች።

"ሰንዓ ካልተስማማት መጥታ ታስነሣት" አለች።