ዲላ በአንድ ሳምንት የቀደመችበት ጾም

ስለ ወለላ የሚያወራ ሁሉ «በአሥራ አንድ ዓመቷ ቄስ አረመች» ይላል፤ የቄሱን ስም ግን በጨዋነት ይዘለዋል። ቄሱ እኔ ነኝ፤ ሠረቀብርሃን እባላለሁ።

አባቷ መሪጌታ ተክለጻድቅ ባሕረ ሐሳብን አጥርተው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በየዓመቱ መስከረም አንድ ቀን የአጽዋማቱንና የበዓላቱን ቀን አስልተው ያውጃሉ፤ ከቡሌና ከወናጎ በእግራቸው የመጡ ዲያቆናትም ቀኑን ይዘው ይመለሳሉ። እኔም የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ወለላንም ትንሽ ልጅ ሳለች በጣቷ አንጓ እያስቆጠሩ አስተማሯት። በሰባት ዓመቷ ከእኔ ትፈጥን ነበር። «ለሴት ልጅ ይህ ምን ይሠራላታል?» እያልኩ አጉረመርም ነበር። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በ1931 ዓ.ም. ክረምት ጣልያኖች «ለአርበኞች ደብዳቤ ጽፈሃል» ብለው መሪጌታን አሰሯቸው። ሲወሰዱ ልጃቸውን «የነነዌን ጾም በአንድ ቀን እንጀምር፤ አብረን ጾምን ማለት ነው» አሏት።

መስከረም አንድ ቀን በእሳቸው ፈንታ እኔ ቆጠርኩና ነነዌ የካቲት አራት ይገባል ብዬ አወጅኩ። ከቅዳሴ በኋላ ወለላ መጣች።

«አባ፣ የካቲት አሥራ አንድ ነው። ለዘመኑ አንድ አልቀነሱም።»

ደንቡ እንደዚያ ነው። የተያዘው ዓመት ገና ስላላለቀ ከቁጥሩ አንድ ይነሣል።

«ሰኞ ላይ ውሏል እኮ! ነነዌ ከሰኞ ሌላ መቼ ይገባል?» አልኳት።

«የእኔም ሰኞ ነው። እስቲ የአምናውን በእርስዎ መንገድ ይቁጠሩት።»

ቆጠርኩ። የካቲት አሥራ ሦስት ወጣ። አምና ግን የጀመርነው ጥር ሃያ ሁለት ነው፤ ራሴ ጾሜዋለሁ። ጣቴ አንጓው ላይ ቀረ። ዲያቆናቱ ግን ቀኑን ይዘው ሄደዋል፤ እኔ ደግሞ ገና የሃያ ስድስት ዓመት ቄስ ነኝ፣ ጥምጥሜ አዲስ ነው። «ሂጂ፣ ውሃ ቅጂ» አልኳት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ግን አምስት ወር ታጥቆ ቆየ። አገሩ በአራት ጾመ። በአሥራ አንድ ወለላ ብቻዋን ሦስቱን ቀን ስትጾም ሰፈሩ ሳቀባት። እኔ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ለእስረኞች ስንቅ የሚያመላልሰው ጉግሳ በቅሎውን እየሳበ መጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እኔንና ወለላን አገኘን።

«መሪጌታ ደህና ናቸው። ሰኞ ጾም ሲጀምሩ ‹ዛሬ ዲላ በሙሉ ከእኔ ጋር ይጾማል› ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። ነገ እመለሳለሁ፤ ምን ልበልልሽ?» አላት።

ወለላ አየችኝ።

«ጾመናል በላቸው» አለችው። «ሁላችንም።»

በነጋታው የዐቢይ ጾም ቅበላ ነበር፤ በእኔ ቁጥር ጾሙ ሰኞ ሊገባ ነው። ሕዝቡ ፊት ቆሜ ጾሙ ገና አንድ ሳምንት እንደሚቀረው፣ መሳሳቴን፣ ከመስከረም ጀምሮም ማወቄን ተናገርኩ። ወደ ወናጎ ሰው ላክሁ፤ የቡሌን ዳገት ግን ራሴ በእግሬ ወጣሁት።

መሪጌታ ከእስር አልተመለሱም። ወለላ ጣልያን ከወጣ በኋላ አርባ ዓመት በዲላ ሒሳብ አስተማረች፤ መንገድ የሚቀይሱ መሐንዲሶች ከእጇ ወጥተዋል። በየመስከረሙ እሷ ትቆጥራለች፣ እኔ አውጃለሁ። አንድ ቀን አዛንፋ አታውቅም። በቁጥር ስትዋሽ የሰማኋት ያን ቅዳሜ ብቻ ነው፤ የጾመችው አንድ ልጅ ሆና ሳለ አገር ሙሉ አለች።